ሲያዩት የሚሄድ ማሽን

ጋሼ ቀስ መጀመሪያ «ቆመ» ያሉ ቀን ማንም አልሳቀም። ሁለተኛ ጊዜ ሲሉ ፈገግ ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጠረጴዛ ሥር ማጎንበስ ጀመረ። የወደቀ ነገር አልነበረም፤ ሳቅ ለመደበቅ ነው። ሳቁን ያስጀመረችው ደግሞ ጥድፊያ ናት። ይህን ከአሁኑ መናገር ይሻላል፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ጥድፊያ ስሟ አይደለም። ምሳዋን ቆማ ስለምትበላ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ስለምትወጣ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ስለምትሰጥ የወጣላት ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል መሆኑ ደግሞ ሰውን ይበልጥ ያናድዳል። ጋሼ ቀስም እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ «ቀስ በሉ ልጆች» ከአፋቸው ስለማይጠፋ ነው። በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። ሥራቸው መፈተሽ ነው፤ ሌሎቹ የሠሩትን ተረክበው እስኪሰበር ድረስ ያስኬዱታል፣ ሲሰበር እጃቸውን ያነሳሉ። ሰው የሠራውን ሰብሮ መወደድ ይቅርና መከበር ከባድ ነው፤ እሳቸው ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዘመን ተከብረው ኖረዋል።

እዚያ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር አይሠራም። ገና ያልተሠራ ኮምፒውተር ሜሞሪው ምን ሊመስል እንደሚችል አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው የሚጻፈው። ሲሙሌተር ይባላል፤ እነሱ አሳጥረው «ማሽኑ» ይሉታል። ማሽኑ ውስጥ ያሉት ክፍሎች በመልእክት ነው የሚነጋገሩት። አንዱ «ያንን ቁጥር ስጠኝ» ይላል፤ ሌላው «እንካ» ይላል። መልእክቱ መንገድ ላይ ሳለ የሚያርፍበት ቦታ ቋት ይባላል። ቋት ያው የባንክ ቤት ወረፋ ነው፤ መልእክቱ ይገባል፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተቀባዩ ከፊት ያነሳዋል። ከመሀል ጎትቶ ማውጣት የለም። ቋቶቹን በሙሉ የጻፈችው ጥድፊያ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ስብሰባ ላይ ነው። ሰዎች ማሽኑ እየሄደ ሳለ ቋት ውስጥ ያለውን ማየት ይፈልጉ ነበር፤ ሳያዩ መሥራት ጨለማ ውስጥ መርፌ እንደ መፈለግ ሆኖባቸዋል። ሁለት መንገድ ቀረበ። አንደኛው የቋቱን ቅጂ አውጥቶ ቅጂውን ማሳየት ነው፤ ዋናው አይነካም፣ ቅጂ ማውጣት ግን ጊዜ ይበላል፣ ማሽኑም ይንቀረፈፋል። ሁለተኛው ዋናውን ቋት ከፍቶ እዚያው በቦታው ማንበብ ነው፤ ይሄ ይፈጥናል፣ ግን የሚያነብበው እጅ የሚያርፈው ዋናው ላይ ነው።

«ቅጂ ይውጣለት» አሉ ጋሼ ቀስ። «ከፖስተኛው ቦርሳ የሰው ደብዳቤ አውጥተሽ አንብበሽ ስትመልሺው፣ ፖስታው እንደነበረ ይሆናል?»

«እኔ ካነበብኩት ይሆናል ጋሼ። እጄን እኮ ታጥቤያለሁ።»

ተሳቀ። አለቃ ደግሞ ፍጥነት ሲባል ዓይኑ የሚበራ ሰው ነው። «ጥድፊያ ያለችው ይሁን» አለ። ጋሼ ቀስ መነጽራቸውን አወለቁና «እሺ ልጄ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አሉ። ጥድፊያ በሳምንቱ ሠርታ ጨረሰችው። ስሙን ማጮለቂያ አለችው። ስትጠራጠሩ ማጮለቂያውን ክፈቱ፣ ማየት ምንም አይጎዳም ብላ ለሁሉም ተናገረች። አባባሏ ጥሩ ስለነበረ ሰው ሁሉ ያዘው።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ቀስ «ቆመ» ማለት ጀመሩ። ሲጠሩ ጥድፊያ ትመጣለች። በትከሻቸው ላይ አጎንብሳ ማጮለቂያውን ትከፍታለች፤ መልእክቶቹ ቆንጆ ሆነው ተሰልፈው ይታያሉ፤ ማሽኑ ይሄዳል።

«የታለ ጋሼ?»

«አሁን፣ አሁን ቆሞ ነበር።»

ማሽኑ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ ይታያል። መዝገቡ ላይ ክፍተት የለም። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሰዓት የማሽኑ የራሱ ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ቆሞ የነበረ ማሽን አልቆምኩም ብሎ ቢምል ማንም አይመሰክርበትም።

«ቆሞ ካላየሁ ይሄን ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አሉ አንድ ቀን ጋሼ ቀስ። በዚያ ጠዋት ደጋግመው ጠርተዋታል። ሌሎችም ጓጉተው መጥተው ከበዋቸው ነበር። ጥድፊያ ማጮለቂያውን ከፈተች፤ ማሽኑ ሄደ። ቀና ብላ ሰዉን አየችና፣

«ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ አልቆመም። የቆሙት እርስዎ ነዎት» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ቀስም አብረው ሳቁ፤ ጥቂት ዘግይተው ነበር የጀመሩት፣ ጥቂት ዘግይተው አቆሙ። ጥድፊያ ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ነገር ሲመጣላት መያዝ አትችልም፣ በቃ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ ሻይ መቅጃው ጋ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ዘበኞቹ ጋ ሳይቀር ደረሰ። «ዛሬስ ጋሼ ቀስ ቆሙ?» ይባባሉ ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም የሳቸው ጆሮ ግን ጤነኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ተለወጡ። በሩን ቆልፈው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው ይነካኩታል። የተናገሩትን «ተናግሬዋለሁ አይደል?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ወንድሜም እንዲህ ነው የጀመረው። የሌለ ነገር በማየት። መጨረሻ ላይ ሚስቱን እህቴ ነሽ ይላት ነበር» አሉ። ጥድፊያ «ኧረ ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው!» ብላ ቆማ የጀመረችውን ምሳ ቆማ ጨረሰች። ያልተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ቤት ሊለቀቅ ሲል፣ ኮታቸውን ያነሳሉ። «ዋናዋ አለቃዬ ትወጣለች» ይላሉ። ዋናዋ አለቃቸው የልጃቸው ልጅ ናት። እሷን በእግራቸው ሄደው ያመጣሉ፣ ለእናቷ ያስረክባሉ፣ ተመልሰው ሥራቸውን ይጨርሳሉ። አለቃ ራሱ በዚያ ሰዓት ስብሰባ አይጠራም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ነበር። ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፤ ማሽኑን ለመውሰድ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፣ አለቃ ፍጥነቱን ሊያሳያቸው ሽር ጉድ እያለ ነው። ጥድፊያ ዳቦዋን በአንድ እጇ ይዛ ለሐሙስ የሚሆነውን ልምምድ አስነሳች። ማጮለቂያውን አልከፈተችም፤ ምን ሊያደርግላት፣ ቋቱን የጻፈችው እሷ ናት። ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳየው ቁጥር በስክሪኑ ጥግ ላይ ሲሮጥ ሲሮጥ ቆየና ቆመ።

እጇ ወደ ማጮለቂያው እየሄደ ሳለ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት።

«በላሽ?»

«እየበላሁ ነው እማ።»

«ቆመሽ ነው አይደል?»

ጥድፊያ ተቀመጠች። እናቷ ስለ ቧንቧ ሠራተኛው ጀመረች። ሰውየው እየተጣደፈ ገጥሞ ሄዶ ወጥ ቤቱ ጎርፍ ሆኖ አድሯል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ምነው እሱ በለቀመው! የለቀምኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች እናቷ። ጥድፊያ ሳቀች። እናቷን ስልክ ማስዘጋት ቀላል ስላልሆነ ወሬው ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ጉልበት ሕመም ዞሮ ዞሮ አለቀ።

ወደ ስክሪኑ ስትመለስ ቁጥሩ እዚያው ነበር።

«ቆመ» አለች ጮክ ብላ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ የማን ቃል እንደሆነ ገባት።

ማጮለቂያውን ከፈተች። ማሽኑ ሄደ።

ዘግታ ከመጀመሪያው አስነሳችው፤ እዚያችው ቦታ ላይ ቆመ። ከፈተች፤ ሄደ። መዝገቡን አየች፤ ንጹሕ ነው። ዳቦው ከእጇ ላይ የት እንደገባ አታውቅም።

ነገሩን ለማግኘት ብዙም አልፈጀባትም፤ የገዛ እጇ ሥራ ነው። መልእክት ወደ ቋት ሲገባ በሰዓቱ ቅደም ተከተል መደርደር ጊዜ ስለሚወስድ እንደመጣ ይቀመጥ ብላ ነበር። አልፎ አልፎ ታዲያ መቅደም የሚገባው ከኋላ ይቀራል። የፊተኛው የኋለኛውን ሳያገኝ አይነቃነቅም፤ የኋለኛው የፊተኛው ካልሄደ መውጫ የለውም። በር ላይ «አንተ ቅደም»፣ «የለም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ውጭ እንደሚያድሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ማጮለቂያው ሲከፈት ግን፣ የተዘበራረቀ ወረፋ ለዓይን አያምርምና፣ ከማሳየቱ በፊት ወረፋውን ያስተካክለዋል። አንዲት መስመር ናት፤ ለማሳመር ብላ የጨመረቻት። መስመሯ የምታስተካክለው ደግሞ ዋናውን ቋት ነው። ቅጂማ የለም፤ ቅጂ ይውጣ ባሉት ሰውዬ ላይ ሰው አስቃባቸዋለች።

ጋሼ ቀስ ቆመ ያሉት ሁሉ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ምስክር በጠሩ ቁጥር ምስክሩ እያዳነ ሐሰተኛ አድርጓቸዋል። ምስክሩም እሷው ናት።

ተነሳች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። መሀል ላይ አለቃ ወደ ላይ ሲመጣ አገኛት።

«አንቺን ስፈልግ! ሐሙስን አደራ። ምንም ብታደርጊ ፍጥነቱን እንዳትነኪው።»

«አልነካውም» አለች። መልሷ እንደ ልማዷ ከጥያቄው ቀድሞ ወጣ።

ወረፋው ሲገባ ቢደረደር፣ ወይም ለማጮለቂያው ቅጂ ቢወጣ፣ ነገሩ ይስተካከላል፤ ሁለቱም ግን ማሽኑን እንግዶቹ እስኪታዘቡ ድረስ ያዘገዩታል። ለጋሼ ቀስ ብትነግራቸው ደግሞ ሰውየው ማንሾካሾክ አያውቁም፤ እጃቸውን ያነሳሉ። በምግብ ቤቱ የመስታወት በር አየቻቸው። ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የምሳ ዕቃቸውን ከደኑት፣ መልሰው ከፈቱት፣ አዩት፣ ከደኑት። በሩን ገፍታ ብትገባ አንድ አረፍተ ነገር ነበር የሚበቃት። ሐሙስ ይለፍ አለች በሆዷ፤ ስንት ዘመን የጠበቁ ሰው ሐሙስን ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ። ለሰው የሚነገር ሰበብ ሌላው ቢቀር ሰሚው ይሞግተዋል፤ ለራስ የሚነገረው ግን ሁሌም ይረታል። ደረጃውን ስትመለስ አንድ በአንድ ነው የወጣችው።

ማክሰኞ ሥራ ስለበዛባት እንዳላየቻቸው ሆና ዋለች። እሮብ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት አስቆመቻት። ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን በኮት ሸፍናዋለች፣ ነጩ ኮሌታ ከላይ ይታያል።

«ጥድፊያ የሚሉሽ አንቺ ነሽ አይደል? ይቅርታ፣ አባባ ሌላ ስምሽን ነግሮኝ አያውቅም። ልጁ ነኝ።»

«እንዴት ነሽ።»

«ላመሰግንሽ ብዬ ነው እህቴ። በጠራት ቁጥር ትመጣለች፣ አንድ ቀን ሰልችታ አታውቅም ይለኛል። ሌሎቹ ይስቁብኛል፣ እሷ ግን መጥታ ታይልኛለች ይላል።»

ጥድፊያ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ኧረ ምንም አላደረግኩም» አለች። እውነቷን ነው፤ ማድረግ የነበረባትን አላደረገችም።

«ዛሬ ሐኪም ጋ ልወስደው ነው። አጎቴ የሆነውን ስላየ ፈርቷል» አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔስ ይሁን፣ ሥራዬ ነው፣ ስንቱን አይቻለሁ። ጠዋት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከዛሬ ጀምሮ ትንሿን እኔ አላመጣትም፣ ለጎረቤትሽ ንገሪያት፣ ከልጆቿ ጋር ታምጣልሽ። መንገድ ላይ ብረሳትስ› አለኝ። እሱ እኮ ነው ያለው፤ ማንም አላለውም።»

ቃሉ ጥድፊያ ጥርስ ላይ ደርሶ ነበር። ማሽኑ ይቆማል፤ አባትሽ ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ልትናገር ትችላለች፤ በፍጥነት ማን ይስተካከላታል? አፏን ከፈተች። የዚያን ጊዜ ጋሼ ቀስ ኮታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ።

«ምን እያማችሁኝ ነው? ጥድፊያ፣ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ መሰለኝ፣ እስቲ…»

«እጅዎ ላይ ነው ጋሼ።»

እጃቸውን አዩ። ቁልፉን ይዘውታል። ይሄ በሁላችንም የሚደርስ ነገር ነው፤ እጁ ላይ የያዘውን ያልፈለገ ማን አለ? እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች፤ ሲሄዱ ከኋላ እንደ ሕፃን የሚመራ ሰው መሰሉ። ጥድፊያ አፏን የዘጋችው ሊፍቱ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከእንግዶቹ መምጫ በፊት ሌላ ነገር አየች። ጋሼ ቀስ ጥግ ላይ ሥራቸውን አስነስተው ነበር። ቁጥሩ ቆመ፤ ከሩቅ ለየችው። ሰውየው ቀና አሉ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። እጃቸው ከጠረጴዛው ትንሽ ተነሳና ተመልሶ አረፈ። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍተው ጣቶቻቸውን አቆላልፈው ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን እጅ ያነሱ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አላነሱም። ጥድፊያ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጥባ ወጣች፣ ማሽኑን ለእንግዶች አሳየች።

በእርግጥ ማጮለቂያውን ከፍታ ነው ያሳየችው። ሲሄድ ምን ይመስል! እንግዶቹ ተደነቁ። አንደኛው እንዲያውም «ውስጡን ማየት መቻላችሁ ያኮራል» አለ። አለቃ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል፤ ጥድፊያ ያን ቀን የደረቀው የራሷ ልብ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ለአለቃ ነገረችው። ራሱን ያዘና «ለእንግዶቹ እኔ ራሴ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ «ለጋሼ ነግረሻቸዋል?» ሲላት ተነስታ ወጣች። እሱም አልደገመላትም። ግማሽ ቀን በጠረጴዛዎች መካከል ስትዞር ዋለች። ከሰዓት በኋላ ወንበር ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስትቀመጥ አይተዋት ስለማያውቁ ደነገጡ።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ማሽኑ ይቆማል።»

«የትኛው?»

«ይሄው የኛው። እውነትዎን ነበር። ያኔም፣ ከዚያ በኋላም፣ ሁሌም እውነትዎን ነበር።»

ጋሼ ቀስ ፈገግ አሉ፤ ደህና ነህ፣ ትድናለህ ለሚል ጠያቂ የሚሰጠውን ፈገግታ ነው የሰጧት።

«ልጄ ነግራሻለች ማለት ነው። ተዪ የኔ ልጅ፣ አታባብይኝ። የሐኪሙ ውጤት ገና ነው። የመጣውን እንቀበላለን።»

«እያባበልኩዎት አይደለም!» ድምጿ ከፍ ብሎ ሰው ዞረ። ኪቦርዱን ሳበች። ሥራውን ከመጀመሪያው አስነሳች፣ ማጮለቂያውን ዘግታ። ቁጥሩ ሮጠ፣ ሮጠና ቆመ። የጋሼ ቀስ እጅ ራሱን ችሎ ወደ ማጮለቂያው ሄደ። ጥድፊያ እጇን በእጃቸው ላይ ጫነች።

«አይክፈቱት።»

«ምነው? ማየት አይጎዳም ትዪ የለም እንዴ?»

«ይጎዳል ጋሼ። የኔ ማየት ይጎዳል።»

ተቀመጡ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። «ትንሽ ዘግይቶ ይሆናል» አሉ፤ ለማሽኑ ጠበቃ ቆሙለት። ጥቂት ቆይተው «አንዳንዴ እንዲህ ይመስለኛል» አሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየመጡ ከኋላ ቆሙ፤ የሳቀ የለም። ቁጥሩን ሁሉም ያየዋል፣ ቆሟል። ጥድፊያ ያቺን መስመር ከፍታ አሳየቻቸው። ጋሼ ቀስ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው አነበቡ። ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ማሽን ሲሰብሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ሲከፈት ነው እንዴ የሚያስተካክለው?»

«አዎ።»

«ዋናውን?»

«ዋናውን።»

«ለምን ብለሽ?»

«ለማሳመር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ የቆሙት አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ያንን ፊት ማየት ለማንም አልቀለለም። ጋሼ ቀስ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው ግን አላደረጉትም።

«መቼ አወቅሽ?»

ዛሬ የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ቆሟል። የሚመሰክርባት የለም፣ ያየ የለም፤ መዝገቡ ላይም ክፍተት የለም። ጥድፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመመለሷ በፊት ቆየች።

«ሰኞ» አለች።

«ሰኞ።» ጋሼ ቀስ ቁጥሩን እያዩ ነበር። «እሮብ እኮ ነው ለልጄ የነገርኳት። ትንሿ ሐሙስ ‹አያቴ ተጣልቶኝ ነው?› አለች አሉ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ሐሙስ ይለፍ ብዬ ነው። እንግዶቹ… ይቅር ይበሉኝ።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር። የግድግዳውን ሰዓት አዩና ስልካቸውን አወጡ። ለጎረቤቲቱ ደወሉ። «ዛሬ እኔ ነኝ የማመጣት። አዎ። አይ፣ ደህና ነኝ። በዚያው ግን ልጆችሽን ስትወስጂ እስክደርስ ጠብቂኝ፣ ምናልባት» አሉ። ምናልባት ካሉ በኋላ ምንም አልጨመሩም። ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ። ዋናዋ አለቃዬ ትወጣለች አላሉም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸው እጀታው ላይ ነው።

«ድልድዩን ካለፍኩ በኋላ በስተቀኝ ነው አይደል?»

ስንት ዓመት የሄዱበት መንገድ ነው።

«እኔ እንጃ ጋሼ። እኔ ሄጄበት አላውቅም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

«አውቀው ነበር» አሉ።

ቦርሳዋን አነሳች። «ልሸኝዎት። አላስቸግርዎትም፣ ከኋላ ከኋላ እሆናለሁ። ብቻ ዓይኔን ከእርስዎ ላይ…»

«ተዪ።»

«ጋሼ፣ እባክዎ…»

«አንቺ እያየሽኝማ እሄዳለሁ» አሉ። ድምጻቸው እንደ ሁልጊዜው ቀስ ያለ ነበር። «ማንም ሳያየኝ መሄዴን ነው ማወቅ የምፈልገው። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። በሩ ተዘጋ። ወንበሯን ብታዞር ጎዳናው እስከ ድልድዩ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ማንም ግን ወደ መስኮቱ አልሄደም። ፊት ለፊቷ ያለው ማሽን እንደቆመ ነው። ጥድፊያ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለጎዳናው ሰጥታ፣ ጠበቀች።